የፊልም ፎቶግራፍ በአሸተን ማርያም፦ ወጪውና ፋይዳው

ከላሊበላ ከተማ በላይ፣ ከባሕር ጠለል ከ3 ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኘው አሸተን ማርያም ከአለት የተፈለፈለች ጥንታዊት ገዳም ናት። አሠራሯ ከንጉሥ ነአኩቶ ለአብ ጋር ተያይዞ ይነገራል። ዳገቱን በእግር ወይም በበቅሎ የሚወጡ ጎብኚዎች ዛሬ በአብዛኛው ፎቶ የሚያነሡት በእጅ ስልክ ነው። በሌላው ዓለም ግን ወደ ፊልም ካሜራ የተመለሱ ወጣቶች በርክተዋል። ለመሆኑ ፊልም በላስታ ተራሮች ያዋጣል?

በውጭ ገበያ 36 ምስል የሚይዝ አንድ ጥቅል የቀለም ፊልም ከ10 እስከ 20 ዶላር ገደማ ይሸጣል። ማሳጠቢያው ተመሳሳይ ገንዘብ ይጠይቃል። ስለዚህ እያንዳንዱ ምስል ከግማሽ ዶላር በላይ፣ አንዳንዴም 1 ዶላር ያህል ያስወጣል። በአውሮፕላን የሚመጣ ፊልም ብርቱ የፍተሻ ጨረር ሊያበላሸው ስለሚችል በእጅ ሻንጣ ተይዞ በእጅ እንዲፈተሽ መጠየቅ ይገባል።

ሁለተኛው ፈተና ብርሃን ነው። ከፍታው ላይ አልትራቫዮሌት ጨረር ስለሚበረታ ሩቅ ተራሮች በቀለም ፊልም ላይ ሰማያዊ ጭጋግ ይለብሳሉ፤ በሌንሱ ላይ የሚገጠም ማጣሪያ ይህን ይቀንሳል። የአለቱ ውስጥ ደግሞ ጨለማ ነው። ፍላሽ ለጥንታዊ ሥዕልና ለብራና ስለማይመከር፣ ካሜራውን በባለ ሦስት እግር ማቆሚያ አስደግፎ ለሰከንዶች ብርሃን ማስገባት ያስፈልጋል።

ማጠቡም እንደ ፊልሙ ዓይነት ይለያያል። የቀለም ፊልም 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሞቀ ኬሚካል ይሻል፤ ሙቀቱ ጥቂት ከተዛባ ቀለሙም ይዛባል። ጥቁርና ነጭ ፊልም ግን በ20 ዲግሪ ይታጠባል። ፊልሙ በጨለማ ወደ ማጠቢያው ዕቃ ከገባ በኋላ ቀሪው ሥራ በብርሃን ይከናወናል። ኬሚካሉን በየደረጃው 300 ሚሊ ሊትር፣ ማለቅለቂያውን ውኃ ሦስት ጊዜ በመቀየር አንድ ጥቅል ከ2 ሊትር በማይበልጥ ውኃ ይጠናቀቃል። ውኃ በጀርባ ለሚቀዳበት አካባቢ ይህ ትልቅ ቁም ነገር ነው። ያገለገለው የማጽኛ ኬሚካል ግን የብር ውህድ ስላለበት ወደ ማሳም ሆነ ወደ ምንጭ መደፋት የለበትም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? መልሱ በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ድርጅት በአብያተ ክርስቲያናትና በገዳማት የሚገኙ 9 ሺህ ያህል ብራናዎችን በፊልም ቀርጿል። ቅጂዎቹ በአሜሪካ ሚኒሶታ ጭምር ተቀመጡ፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም በዝርዝር መዝግበዋቸዋል። ብዙዎቹ ዛሬ በዲጂታል ተገልብጠው በኢንተርኔት ይነበባሉ። መጽሐፉ ቢሰረቅ ወይም ቢቃጠል እንኳ ገጹ በፊልም ላይ ይቀራል።

በሚገባ ታጥቦ በደረቅና ቀዝቃዛ ስፍራ የተቀመጠ ጥቁርና ነጭ ፊልም ከመቶ ዓመት በላይ ይቆያል፤ ለማንበብም ብርሃንና ማጉያ መነጽር ብቻ ይበቃዋል። በጦርነቱ ወቅት ለወራት ያለ መብራት ለቆየው የሰሜን ወሎ ሕዝብ የዚህ ትርጉም ግልጽ ነው።

ለዕለት ማስታወሻ የእጅ ስልክ ርካሽና ፈጣን ነው። የገዳም ቅርስን ለመጪው ትውልድ ለመመዝገብ ግን ዲጂታሉን ከጥቁርና ነጭ ፊልም ጋር አጣምሮ መያዝ፣ ቅጂዎቹንም በተለያየ ስፍራ ማስቀመጥ ወጪው የሚያስቆጭ አይደለም።