የታሸገው ፖስታና የመጋዘኑ በር

በመሥሪያ ቤት የሚውል ሰው ሁሉ የምሥጢር ደብዳቤ እንዴት እንደሚላክ ያውቃል። ፖስታው ይታሸጋል፤ ማኅተም ያርፍበታል፤ ተላላኪው ይዞት ይሄዳል፤ ተቀባዩም በደብተሩ ላይ ይፈርማል። ዛሬ ባንኩም፣ ፋብሪካውም፣ የደመወዝ ክፍሉም ሰነዱን በኮምፒዩተር የሚላላክ ስለ ሆነ፣ ይህን ሁሉ አጠቃልሎ የሚሠራ ፕሮግራም ለድርጅቶች ይሸጣል። እኛም ስለዚሁ ጥቂት ለመጻፍ ወደድን።

ነገሩ ሲጀመር ማሸግ የሚባል አልነበረበትም። የህንድ ተወላጅ የሆነው አብሐይ ቡሻን እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካ፣ በኤም አይ ቲ ሳለ፣ ፋይል ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው የሚተላለፍበትን ደንብ ጻፈ፤ ኤፍ ቲ ፒ የሚባለው ይኸው ነው። በዚህ ደንብ የይለፍ ቃሉም ሰነዱም በግልጽ ይሄዱ ነበር። መረቡ በጥቂት ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ተቋሞች መካከል ሳለ ይህ ብዙ አላስጨነቀም። ኋላ ግን በሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ መረብ ላይ የይለፍ ቃል የሚለቅም ሌባ በመገኘቱ፣ የዚያው ተመራማሪ ታቱ ኡሎነን በ1995 ኤስ ኤስ ኤች የተባለውን የምሥጢር መገናኛ ሠራ። ዛሬ ኩባንያዎች የሚጠቀሙበት ኤስ ኤፍ ቲ ፒ በዚሁ ላይ የቆመ ነው።

መንገዱ እንዲህ ታሸገ፤ ሌባውም ፊቱን ወደ መጋዘኑ አዞረ።

ሙቪት የተባለው ፕሮግራም የአሜሪካው የፕሮግሬስ ሶፍትዌር ነው። ሜይ 27 ቀን 2023፣ አሜሪካውያን ለበዓል ዕረፍት በወጡበት ቅዳሜ፣ ክሎፕ የሚባሉት ወንበዴዎች በዚህ ፕሮግራም ቀዳዳ መግባት ጀመሩ። ዘዴያቸውን በምሳሌ እናስረዳ። በር ላይ ያለ ጸሐፊ «ስምህን ጻፍ» ብሎ ወረቀት ሲሰጥ፣ እንግዳው በስሙ ቦታ «መዝገቡን ሁሉ አውጥተህ ስጠኝ» ብሎ ይጽፋል፤ የዋሁ ጸሐፊም የተጻፈውን ትእዛዝ መስሎት ይፈጽማል። ቁልፉ አልተሰበረም፤ ምሥጢራዊው ጽሕፈትም አልተፈታም። ኩባንያው ማስተካከያውን ያወጣው ሜይ 31 ቀን ሲሆን፣ በዚያው ሰዓት ፈጥኖ የጫነው እንኳ ሌባው ከገባ አራት ቀን አልፎት ነበር።

የተጎዱት ድርጅቶች ከሁለት ሺህ በላይ ናቸው። ዜሊስ የተባለው የእንግሊዝ ደመወዝ ከፋይ ድርጅት በዚህ ፕሮግራም ይጠቀም ስለ ነበር፣ የቢቢሲ፣ የብሪቲሽ ኤርዌይስና የቡትስ መድኃኒት ቤቶች ሠራተኞች መረጃ ተወሰደ። አብዛኞቹ የፕሮግራሙን ስም እንኳ ሰምተው የሚያውቁ አይመስለንም።

ክሎፕ ከዚህ በፊትም በ2020 መጨረሻ የአክሴሊዮንን፣ በ2023 መጀመሪያ ደግሞ ጎኤኒዌር የተባለውን ተመሳሳይ ፕሮግራም መትቷል። የብዙ ቤት ዕቃ ባንድ ስፍራ የተከማቸበትን መጋዘን መምረጡ አያስገርምም። እኛን የሚገርመን ሌላ ነው፤ ፖስተኛ ደብዳቤውን ካስረከበ በኋላ ግልባጩን በቦርሳው ይዞ አይዞርም፤ በእነዚህ መጋዘኖች ግን የተረከቡት ሰነዶች ሳይሰረዙ ተከማችተው ይቀራሉ፤ ፕሮግራሙ በቀን ቈጥሮ እንዲሰርዛቸው ማዘዝ ግን የአንድ አፍታ ሥራ ነው።