አዲስ ትራክተር ከመረከብ በፊት፦ የዘይትና የውሃ መጠን ምርመራ እና የሻጭ ኃላፊነት

በድርቅ ምክንያት ከቀዬው ተነሥቶ በአዲስ መንደር ለሚሰፍር ገበሬ የእርሻ ኃይል ከእህልና ከመጠለያ ጋር አብሮ ሊቀርብለት ይገባል። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና ጎጃም ሲሰፍር ብዙው በሬውን በድርቁ አጥቶ ነበር። እንደ ፓዌ ባሉ ቆላማ ጣቢያዎችም የገንዲ በሽታ በሬ ማርባትን አስቸጋሪ ስላደረገው እርሻው በትራክተር ላይ ተመሥርቶ ነበር። በእንዲህ ያለ ሥፍራ አንድ ትራክተር በዝናብ መግቢያ ቢቆም የዓመቱ ምርት ይጓደላል።

የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ዋና መሥሪያ ቤት በሚገኝበት በቂርቆስና በካዛንቺስ አካባቢ ካለ ቢሮ የሚፈረም የርክክብ ቅጽ፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ የሚሠራውን መሣሪያ ዕድል ሊወስን ይችላል። ስለዚህ ፈራሚው ሻጩ ምን ማዘጋጀት እንዳለበት ማወቅ ይኖርበታል።

የሻጭ ዝግጅት

አዲስ መሣሪያ ሁልጊዜ ለሥራ ዝግጁ ሆኖ አይመጣም። በመርከብ ሲጫን እንዳይንቀሳቀስ ጎማው ከልክ በላይ ሊነፋ፣ የባትሪው ገመድ ሊፈታ ይችላል። ሻጩ ባትሪውን ሞልቶ፣ የጎማውን ንፋስ አስተካክሎ፣ የእግር ቡሎኖችን አጥብቆ፣ ግራሶ ሰጥቶ፣ ፍሬንና ፍሪሲዮኑን ፈትሾ ማስረከብ አለበት።

የፈሳሾች ምርመራ

ትራክተሩ በደልዳላ መሬት ላይ ይቁም፤ ሞተሩ ይጥፋ፤ ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቅ። የመለኪያው ዘንግ ተጠርጎ እንደገና ሲገባ ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መታየት አለበት። ሲያንስ ብረት ከብረት ይፋጫል፤ ሲበዛም አረፋ ይፈጥራል፣ ጎሚኒዎችንም ይጎዳል።

በብዙ ትናንሽ ትራክተሮች ካምቢዮውና ሃይድሮሊኩ አንድ ዘይት ይጋራሉ። በመሆኑም የኋላ ማንሻ ክንዶች ወደ ታች ወርደው ይለካ። በአራት እግር የሚነዳ ከሆነ የፊት አክሱ የራሱ ዘይት ስላለው ብዙ ጊዜ የሚረሳው እርሱ ነው። የራዲያተር ክዳን የሚከፈተው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው። ከናፍጣ ፊልትሮ ሥር የተጠራቀመ ውሃም ይወገድ።

ከደጋ ወደ ቆላ

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የጋምቤላ ሜዳ ግን 500 ሜትር ገደማ ነው። የአየር ግፊት በቆላ ስለሚጨምር በአዲስ አበባ የተስተካከለ ጎማ እዚያ ሲለካ ንፋሱ ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል። የሞተሩ ዘይት ውፍረትም በመመሪያው መሠረት ለቆላ ሙቀት የተስማማ መሆን አለበት። ስለዚህ ምርመራው በጣቢያው ይደገማል።

የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት

የእግር ቡሎኖች ከጥቂት ሰዓት ሥራ በኋላ እንደገና ይጠበቃሉ። የመጀመሪያው ሰርቪስ ብዙውን ጊዜ በ50 ሰዓት ሲሆን የሞተሩ ዘይትና ፊልትሮ ይለወጣል። በእርሻ ወቅት 50 ሰዓት በአንድ ሳምንት ሊያልቅ ስለሚችል ዘይቱና ፊልትሮው ከትራክተሩ ጋር አብረው ይጫኑ፤ መካኒክ የሚልከውም ወገን በውሉ ይገለጽ።

የርክክብ ቅጹ እያንዳንዱን ፈሳሽ በየስሙ ይዘርዝር፤ ሹፌሩም ምርመራውን በዓይኑ አይቶ ይፈርም። ግማሽ ቀን የማይፈጅ ይህ ሥራ የአንድ መንደር የዘር ጊዜ እንዳያልፍ ይጠብቃል።