ያውቁ ኖሯል? ስለ ሰፈር ድመቶች

(ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የጆሮዋ ጫፍ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ድመት አይተው ያውቃሉ? በብዙ አገሮች ይህ ምልክት ድመቷ መምከኗን ይናገራል። ጫፉ የሚቆረጠው በማደንዘዣ ተኝታ ሳለች ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከግራ ጆሮዋ፣ አንድ ሴንቲሜትር ያህል። ከሩቅ ስለሚታይ ያችኑ ድመት ዳግም ከመያዝና ሆዷን ዳግም ከመክፈት ያድናል። ጃፓኖች ደግሞ ጆሮውን የቼሪ አበባ ቅጠል አስመስለው ስለሚሰነጥቁት ድመቶቹን በአበባው ስም «ሳኩራ» እያሉ ይጠሯቸዋል።

ባለቤት የሌላቸው ድመቶች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። ቤት አድጋ የተጣለችው ትዕግሥት ካገኘች ወደ ሰው ትመለሳለች። ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንቷ ድረስ የሰው እጅ ያልለመደች ግልገል ግን ካደገች በኋላ ሰውን እንደፈራች ትኖራለች። እንዲህ ያለችውን ቤት ዘግቶባት ማስቀመጥ ለእሷ ጭንቀት ነው። የለመደችው ሰፈር ይበቃታል።

ሴት ድመት ገና በአራት ወይም በአምስት ወሯ ልታረግዝ ትችላለች። ከሁለት ወር ጥቂት ቀን አልፎ ትወልዳለች፤ እያጠባችም እንደገና ታረግዛለች። በአንድ ጊዜ የወለደቻቸው ግልገሎች አባታቸው የተለያየ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንዲት ድመት ብቻ አምክኖ ሌሎቹን መተው ድካሙን ከንቱ ያደርገዋል።

አያያዙ እንዲህ ነው። ድመቶቹ በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት መብላትን ይለምዳሉ። ከመያዛቸው በፊት ባለው ቀን ምግብ አይሰጣቸውም፤ ከዚያ በሽቦ ወጥመድ ውስጥ ሰርዲን ወይም ቱና ይቀመጥላቸዋል። በሩ እንደተዘጋ ወጥመዱን በጨርቅ መሸፈን የግድ ነው፤ ጨለማው ያረጋጋቸዋል። የእንስሳት ሐኪሙ ሴቷን ያመክናል፣ ወንዱን ያኮላሻል፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም ይሰጣል። አገግመው የሚለቀቁት ወደተያዙበት ቦታ ነው። ሌላ ሰፈር ወስዶ መጣል ግን ጭካኔ ነው። የተጣለችው ድመት ምግቡም መሸሸጊያውም የት እንዳለ አታውቅም፤ የሰፈሩ ነባር ድመቶችም ያሳድዷታል።

«ከማምከን ለምን አናስወግዳቸውም?» ለሚሉ ከታዝሜኒያ የመጣ መልስ አለ። በዚያች የአውስትራሊያ ደሴት በሁለት የደን አካባቢዎች ድመቶች በመጠኑ እየተያዙ ተወገዱ። በ2015 የታተመው ጥናት እንዳሳየው ቁጥራቸው በአንደኛው ቦታ 75 በመቶ፣ በሌላው 211 በመቶ ጨመረ። ነባሮቹ ሲጠፉ መጤዎች ቦታውን ሳይወርሱት አልቀሩም።

ኒውበሪፖርት የተባለችው የማሳቹሴትስ የወደብ ከተማ የሄደችበት መንገድ ሌላ ነው። በ1992 በወንዟ ዳር 300 ያህል ባለቤት አልባ ድመቶች ነበሩ። በጎ ፈቃደኞች እየያዙ አስመከኗቸው፤ ለሰው የቀረቡትን ቤት አገኙላቸው፤ የቀሩትን በየቦታቸው መገቧቸው። ከወንዙ ዳር የመጨረሻው ድመት በ2009 ሞተ። አሥራ ሰባት ዓመት ረጅም ነው፤ ያም ሆኖ መርዝ አልተበተነም፣ አንዲትም ድመት በጆንያ ታስራ አልተወረወረችም። ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ የለም።

ሪሾን ለጺዮን ከኢትዮጵያ የሄዱ ቤተሰቦችም የሚኖሩባት የእስራኤል ከተማ ናት። በዚያ ለ12 ዓመታት የተካሄደ ጥናት በ2022 ታትሟል። ድመቶቹ በከተማዋ ግማሽ ያህል ቀበሌዎች ብቻ ሲመክኑ ቁጥሩ አልቀነሰም፤ ያልመከኑት ከጎረቤት ቀበሌ ይገቡ ነበርና። ሥራው መላዋን ከተማ ሲያዳርስና ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑት ሲመክኑ ግን ቁጥሩ በየዓመቱ በ7 በመቶ ገደማ ወረደ። ለሚጀምር ሰው ትምህርቱ ቀላል ነው፦ ጥቂት ጥቂት በየቦታው ከመሞከር አንዱን መንደር ከዳር እስከ ዳር መጨረስ፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ማለፍ።

የጣሊያን ሕግ ቁጥር 281 ከ1991 ጀምሮ ባለቤት የሌላቸውን ድመቶች ይጠብቃል፤ ማንገላታት የተከለከለ ነው፣ የሚመክኑትም በመንግሥት የእንስሳት ሕክምና ነው። ሮም ውስጥ ዩልየስ ቄሳር በተገደለበት ፍርስራሽ መካከል ዛሬ የሚመገቡና የሚታከሙ ድመቶች ይኖራሉ።

ድመት ያለ ሥጋ አትኖርም። ታውሪን የተባለውን ንጥረ ነገር ሰውነቷ በበቂ መጠን ስለማይሠራው ካላገኘችው ዓይኗና ልቧ ይጎዳሉ። እንጀራ በወተት ሆዷን ይሞላል እንጂ ይህን አይተካም፤ ያደጉ ድመቶች ብዙዎቹ ወተት አይፈጭላቸውም። የወጥ ትራፊ ከዚህም ይከፋል፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ቀይ የደም ሴሎቿን ያጠፋሉ። አንዲት ፓራሲታሞል ኪኒን ደግሞ ልትገድላት ትችላለች፤ ለሕመሟ ብለው እንኳ አይስጧት።

ነፍሰ ጡር ቤት ውስጥ አለች ተብሎ ድመት ስትባረር ማየት ያሳዝነኛል። ለፅንሱ የሚፈራውን ቶክሶፕላዝማ የተባለ ተሕዋስ አንዲት ድመት በአብዛኛው በዓይነ ምድሯ የምታወጣው መጀመሪያ ስትያዝ፣ ለአንድ ወይም ሁለት ሳምንት ነው፤ ተሕዋሱ ከወጣ በኋላም ወደ ሰው ለመተላለፍ ቢያንስ አንድ ቀን መቆየት ይፈልጋል። ዓይነ ምድሩን በየቀኑ ሌላ ሰው ቢያነሳው ጥሩ ነው። እናቲቱ ይልቅ ከጥሬ ሥጋና በደንብ ካልታጠበ አትክልት ትጠንቀቅ።

ድመት ከነከሰችዎ ወይም ከቧጨረችዎ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡ፤ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ከድመትም ይተላለፋል።

በሚኒሶታ ወይም በዋሽንግተን ክረምት ለሚያሳልፉ አንባቢዎች፦ ከቤት ውጭ ለምትኖር ድመት መጠለያ ሲሠሩ ውስጡን በጭድ ይሙሉት። ብርድ ልብስና ድርቆሽ እርጥበት ይይዛሉ፤ ጭድ ግን ደረቅ ሆኖ ሙቀቷን ያቆይላታል። ጠዋት መኪናዎን ከማስነሳትዎ በፊትም ኮፈኑን በእጅዎ መታ መታ ያድርጉ፤ ብርድ የፈራች ድመት ሞተሩ ላይ አድራ ይሆናል።