መሐላው ብቻ መራጭ አያደርግም

በዩናይትድ ስቴትስ በፌዴራል ምርጫ ድምፅ የሚሰጠው ዜጋ ብቻ ነው፤ ዜግነት ግን በራሱ መራጭ አያደርግም። ከሰሜን ዳኮታ በቀር በሁሉም ግዛቶች መመዝገብ የግድ ነው። ከ1980 የስደተኞች ሕግ ወዲህ በስደተኝነት፣ ከ1995 ወዲህ ደግሞ በዲቪ የገቡ ኢትዮጵያውያን (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ግሪን ካርድ ይዘው አብዛኛውን ጊዜ 5 ዓመት ከቆዩ በኋላ ፈተናውን አልፈው ቃለ መሐላ ይፈጽማሉ። ብዙ ሰው ሳይመዘገብ የሚቀረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ምክንያቱም በተለምዶ እንደሚባለው ግድ የለሽነት ብቻ አይደለም።

በ1993 የወጣ ሕግ በአብዛኞቹ ግዛቶች መንጃ ፈቃድ የሚያወጣ ዜጋ እዚያው በመራጭነት እንዲመዘገብ ዕድል ይሰጣል። ስደተኛው ግን መንጃ ፈቃድ የሚያወጣው እንደመጣ፣ ዜግነት ከማግኘቱ ከዓመታት በፊት ነው። ፈቃዱን እስኪያድስ ወይም አድራሻ እስኪቀይር ድረስ መልሶ የሚጠይቀው የለም።

ቀጥሎ የስም ጣጣ ይመጣል። በ2002 ሕግ መሠረት የምርጫ ጽሕፈት ቤቶች አዲስ ተመዝጋቢን በመንጃ ፈቃድ ቁጥሩ ወይም በሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሩ የመጨረሻ 4 አሃዞች ያመሳክራሉ። ወልደ ገብርኤል ተሰማ የሚባል ሰው በዜግነት ወረቀቱ ላይ የራሱ ስም ተያይዞ ተጽፎለት፣ በመንጃ ፈቃዱ ላይ ግን «ወልደ» የራሱ፣ «ገብርኤል» የአባቱ፣ «ተሰማ» የቤተሰቡ ስም ተደርጎ ሊገኝ ይችላል። መዝገቦቹ ካልተስማሙ ማብራሪያ የሚጠይቅ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ይላካል፤ እሱም ከማስታወቂያ ወረቀት ጋር ተጠቅልሎ ይጣላል። ምዝገባ የሚያስተባብሩ ሰዎች ሁለቱን ሰነዶች ጎን ለጎን አስቀምጠው ቢሞሉ ይህ ችግር በአብዛኛው ይቀራል።

ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው በስህተት እንዳይመዘገብ መጠንቀቅም ያስፈልጋል። በ1996 ሕግ ዜጋ ሳይሆኑ በፌዴራል ምርጫ ድምፅ መስጠት ያስቀጣል፤ ከአገርም ሊያስባርር ይችላል። የዜግነት ማመልከቻውም ጉዳዩን አንስቶ ይጠይቃል። ሁኔታውን የሚያወሳስበው ደግሞ በአካባቢ ምርጫ ዜጋ ላልሆኑም በራቸውን የከፈቱ ከተሞች መኖራቸው ነው፦ የሜሪላንዷ ታኮማ ፓርክ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ፣ ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ ከ2024 ጀምሮ።

ቋንቋን በተመለከተ የ1965ቱ የመራጮች መብት ሕግ በ1975 ሲሻሻል የድምፅ መስጫ ወረቀት እንዲተረጎምላቸው የተወሰነው ለስፓኒሽ፣ ለእስያና ለአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች ቋንቋዎች ነው። አማርኛም ሆነ ሌላ የአፍሪካ ቋንቋ የለበትም። ዲሲ ግን በ2004 ባወጣችው የቋንቋ ሕግ በአማርኛ ታስተናግዳለች። በሌላው ቦታ የሚያገለግለው እምብዛም የማይታወቀው የ1982 ድንጋጌ ነው፦ ማንበብ ወይም መጻፍ የሚቸግረው መራጭ ከአሠሪውና ከሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ በቀር የፈለገውን ሰው ይዞ መግባት ይችላል። ልጅ እናቱን ይዞ ቢገባ የሚከለክለው የለም።

የተመዘገበውን ሰው ወደ ምርጫ ጣቢያ የሚያወጣው ግን የሚቆረቁረው ጉዳይ ነው። በ2021 የቨርጂኒያ ገዥ ምርጫ፣ የባይደን አስተዳደር በትግራዩ ጦርነት ላይ በያዘው አቋም የተቆጡ ኢትዮጵያውያን አሜሪካውያን ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን ቀሰቀሱ፤ ያንግኪንም በ2 ከመቶ ገደማ ልዩነት አሸነፈ። ውጤቱን የወሰኑት እነሱ ናቸው ማለት ማጋነን ይሆናል፤ ማኅበረሰቡ ራሱም በጦርነቱ ተከፋፍሎ ነበር። የእንጀራ ጉዳይስ? የዲሲ ከንቲባ አድሪያን ፌንቲ በ2007 የታክሲን የዞን ታሪፍ በቆጣሪ እንደሚተኩ ሲያስታውቁ ሾፌሮች፣ ብዙዎቹም ኢትዮጵያውያን፣ ሥራ አቁመው ተቃወሙ። በ2010 የዴሞክራቶች ፕራይመሪ (የፓርቲው ዕጩ መምረጫ) ከተፎካካሪያቸው ከቪንሰንት ግሬይ ጎን ተሰለፉ፤ ፌንቲም፣ በዋናነት በሌሎች ምክንያቶች፣ ተሸነፉ። ይሁንና ብዙዎቹ ሾፌሮች የሚኖሩት ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ስለነበር በሚሠሩባት ከተማ ድምፅ አልነበራቸውም።

ሦስቱ አጎራባቾች በሕግም ይለያያሉ። በዲሲና በሜሪላንድ በፓርቲ ፕራይመሪ ለመሳተፍ የፓርቲው አባል ሆኖ መመዝገብ ያስፈልጋል፤ በዲሲ ደግሞ የዴሞክራቶቹን ፕራይመሪ ያሸነፈ ከንቲባ መሆኑ የማይቀር ነው። በቨርጂኒያ የፓርቲ ምዝገባ ጭራሽ የለም።

ከኦገስት 2025 ወዲህ በዜግነት ሥነ ሥርዓት ላይ አዲስ ዜጎችን መመዝገብ የተፈቀደው ለመንግሥት የምርጫ ኃላፊዎች ብቻ ስለሆነ፣ የበጎ ፈቃደኞች ሥራ ወደ ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ወደ መስጊድና ወደ ምግብ ቤት መዞሩ ግድ ነው። ከቀረጥ ነፃ የሆኑ ተቋማት ወገን ሳይዙ ምዝገባ ማካሄድ ይችላሉ። በየ4 ዓመቱ ለፕሬዚዳንት ምርጫ ብቻ የሚዘረጋ የምዝገባ ጠረጴዛ ግን ብዙ አይፈይድም፤ የትምህርት ቤት ቦርድን፣ የከተማ ምክር ቤትንና ገዥን የሚመርጡት ድምፆች በአመዛኙ የሚሰጡት በሌሎቹ ዓመታት ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ኖቬምበር በመጣ ቁጥር ምርጫ አለ።