«ባለቤት»፣ «አስተዳዳሪ»፣ «ተወካይ»፦ ሥልጣን ሲካፈል ሊለዩ የሚገባቸው ስያሜዎች

ሥራ ሲበዛ ሥልጣን ይካፈላል። ሰው ቤቱን፣ መሬቱን፣ የማኅበሩን ገንዘብ፣ ወይም በዛሬው ዘመን በስልክና በኮምፒዩተር የሚጠበቀውን መዝገብ ብቻውን መጠበቅ ሲያቅተው፣ ሌላ ሰው ያግዘው ዘንድ ቁልፉን ያካፍላል። ቁልፉን አካፈለ ማለት ግን ባለቤትነቱን አካፈለ ማለት አይደለም። ይህ ልዩነት በልማድም በሕግም የታወቀ ነው፤ ሆኖም «አድሚን» የተባለው የውጭ ቃል ሁሉንም ጠቅልሎ ስለ ያዘ፣ በዕለት ንግግራችን ልዩነቱ እየደበዘዘ መጥቷል። በዚህ ጽሑፍ አማርኛ ለጉዳዩ ያሉትን ቃላት ከመረመርን በኋላ ስለ አጠቃቀማቸው አስተያየት እናቀርባለን።

ጉዳዩ የስያሜ ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን በምሳሌ ማየት ይቻላል። በአዊ ዞን፣ የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በጥሊሊ፣ አንድ ዕድር አለ እንበል። ዕድሩ እንደ ማንኛውም ዕድር ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። የለቅሶው ጥሪ በጥሩምባ ብቻ መተላለፉ ቀርቶ በቴሌግራም ቡድንም እንዲነገር አባላቱ ይስማማሉ። ጸሐፊው ቡድኑን በገዛ ስልኩ ይከፍትና ዳኛውን ያስገባቸዋል። አባላቱም ሁለቱን በአንድ ስም «አድሚን» ይሏቸዋል። ጸሐፊው እንጀራ ፍለጋ ከአገር ሲወጣ ግን፣ በስም እኩል የነበሩት ሁለቱ ሰዎች በሥልጣን እኩል እንዳልነበሩ ይገለጻል። በቴሌግራም አሠራር ቡድኑን የከፈተው ሰው ባለቤት ነው፤ ሌሎቹን ሊሽር ይችላል፣ እሱን ግን ማንም አስተዳዳሪ ሊሽረው አይችልም። ባለቤትነቱን ለሌላ ለማስተላለፍም የራሱ የይለፍ ቃል ያስፈልጋል። የዕድሩ የጋራ መጥሪያ በአንድ ግለሰብ ስልክ ላይ ቀረ ማለት ነው።

ሀ. የቃላቱ አመሠራረት

«ባለቤት» «ባለ» እና «ቤት» ከሚሉት ቃላት የተመሠረተ ነው። በሰዋስው ትምህርት የዓረፍተ ነገሩን አድራጊ «ባለቤት» ስንለው፣ የድርጊቱ መነሻ እርሱ ነው ማለታችን ነው። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» የሚለው ተረትም የሚያስረዳው አጥሩ የሚከበረው በባለቤቱ መኖር መሆኑን ነው።

«አስተዳዳሪ» መነሻው «አደረ» ሲሆን፣ ይኸውም ከግዕዙ «ኀደረ» የሚመጣ ነው። አስተዳደረ ማለት ሰው ወይም ንብረት ተጠብቆ፣ ተጠግኖ እንዲያድርና እንዲኖር አደረገ ማለት ነው። በቃሉ ውስጥ የጠባቂነት ሐሳብ እንጂ የባለቤትነት ሐሳብ የለም። ዳሩ ግን አንድ ጉድለት አለበት፤ ቅርጹ የአድራጊ ቅርጽ ስለ ሆነ ሥልጣኑ ከማን እንደ መጣ አይናገርም።

«ተወካይ» ከዚህ የተለየ ነው። «ተ» የሚለው ምዕላድ ቃሉን የተደራጊ ስለሚያደርገው፣ ተወካይ ባለበት ሁሉ ወካይ መኖሩን ሰሚው ወዲያው ይረዳል። ሿሚና ተሿሚ፣ ላኪና ተላኪም እንዲሁ ናቸው። እንግዲህ ሥልጣን ሰጪውን የሚደብቅ ስያሜና የሚያሳይ ስያሜ በቋንቋችን ጎን ለጎን ይገኛሉ ማለት ነው።

ሥልጣን የመስጠትና የመንሣት ሐሳብ በአማርኛ ምን ያህል የተቆራኘ እንደ ሆነ «ሹም ሽር» ከሚለው ጥምር ቃል መረዳት ይቻላል። ሹመትና ሽረት በአንድ ትንፋሽ ይነገራሉ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አባባል ለሥነ ምግባር አርአያ ባይሆንም፣ ሹመት ዘለዓለማዊ አለመሆኑን እንደ ታወቀ ነገር ይዞ የሚነሣ ነው። «አድሚን አደረገው» የሚለው አነጋገር ግን እንዲህ ያለ ተጓዳኝ የለውም።

ለ. በሕግ ቋንቋ

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ውክልና የደነገገው ለስያሜ ሥራ ጥሩ አብነት ይሆናል። ሕጉ ጠቅላላ ውክልናንና ልዩ ውክልናን ይለያል። ጠቅላላ ውክልና የተሰጠው ሰው የአስተዳደር ሥራን ብቻ ይሠራል፦ ንብረት ይጠብቃል፣ ዕዳ ይሰበስባል፣ ከሦስት ዓመት ለማይበልጥ ጊዜ ያከራያል። ቤት መሸጥ ወይም በመያዣ መስጠት ቢፈልግ ግን ልዩ ውክልና ያስፈልገዋል። «ጠቅላላ» የሚለው ቃል ስፋቱ ብዙ ቢመስልም ባለቤቱን ከባለቤትነት ከሚያወጣው ድርጊት በፊት ይቆማል።

ወካዩ በፈለገ ጊዜ ውክልናውን ሊሽር፣ የሰጠውንም የውክልና ጽሑፍ ሊያስመልስ ይችላል። ሥልጣኑን ሽሮ ጽሑፉን ሳያስመልስ ቢቀር፣ ተወካዩ ጽሑፉን እያሳየ ከሦስተኛ ወገን ጋር ለሚያደርገው ነገር ወካዩም በኃላፊነት ሊጠየቅ ይችላል። ስለዚህ መሻር አንድ ድርጊት፣ ማስመለስ ሌላ ድርጊት ነው። ዛሬ የይለፍ ቃል በውክልና ጽሑፍ ቦታ ገብቷል፤ ከሥራ የተሰናበተው ሰው የሚያውቀው የይለፍ ቃል ካልተለወጠ ሽረቱ በቃል ብቻ ቀረ ማለት ነው።

ሐ. ከታሪክ

ሽረት የሌለው ሹመት የሚያስከትለውን ነገር የጎንደር ታሪክ ያሳያል። ዐፄ ኢዮአስ የትግሬውን ገዥ ራስ ሚካኤል ስሑልን እንዲያግዟቸው ወደ ጎንደር ጠሯቸው፤ ሥልጣኑን ከሰጧቸው በኋላ ግን መልሰው የሚወስዱበት ኃይል አልነበራቸውም። በ1761 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በእኒሁ ራስ ትእዛዝ ተገደሉ። ከዚያ ወዲህ በዘመነ መሳፍንት፣ እስከ 1847 ዓ.ም. ድረስ፣ ዘውዱ በነገሥታቱ ራስ ላይ ቢውልም ሥራው በራሶቹ እጅ ነበር። ባለቤትነቱ በስም፣ ሥልጣኑ በተግባር ተለያይተው ኖሩ።

መ. አስተያየት

ከዚህ በላይ ከተባለው በመነሣት የሚከተለውን እናቀርባለን።

1. «ባለቤት» የሚለው ስያሜ የመሾምና የመሻር ሥልጣን በእጁ ላለ ብቻ ይሰጥ። የማኅበር ንብረት ሲሆን ባለቤቱ ማኅበሩ ነውና፣ ቁልፉን በማኅበሩ ስም የያዘው ሰው «ባለ አደራ» ይባል። ቁልፉም በግል ስልኩ ብቻ እንዲቀር አይደረግ።

2. «አስተዳዳሪ» ሲባል ወሰኑ አብሮ ይጠቀስ፦ «የመልእክት አስተዳዳሪ»፣ «የአባላት መዝገብ አስተዳዳሪ» እንደ ማለት። ሌላ አስተዳዳሪ የመሾም ፈቃድ ከሌሎቹ ፈቃዶች ተለይቶ በስሙ ይጠራ፤ በስሕተት አብሮ የሚሰጠው ይህ ነውና።

3. የመስጠት ቃል ሁሉ ከመንሣት ቃሉ ጋር በመዝገበ ቃላት ይግባ፦ መሾም እና መሻር፣ መወከል እና ውክልና ማንሣት፣ ቁልፍ ማስረከብ እና ቁልፍ መረከብ።

በአዊ ዞን አውኚ የትምህርትና የሥራ ቋንቋ ስለ ሆነ፣ እነዚህ ስያሜዎች ከአማርኛ ወደ አውኚ መተላለፋቸው አይቀርም። «አድሚን» እንዳለ ቢሻገር ብዥታው አብሮ ይሻገራል። ፍቺው የጠራ ስያሜ ግን ለተርጓሚው ሥራውን ያቀልለታል፤ የጥሊሊው የዕድር ዳኛም ቁልፉን ከመስጠታቸው በፊት ምን እንደሚሰጡና ምን እንደሚያስቀሩ እንዲጠይቁ ያደርጋቸዋል።