የታችኛው ቅጠል ምስክርነት

በላስቲክ ቤት ውስጥ ቲማቲም ከሚያለሙ ሰዎች ብዙዎቹ አንድ ጽኑ እምነት አላቸው፤ ይኸውም በግንዱ ግርጌ የቀረው አሮጌ ቅጠል የአገልግሎት ዘመኑን የፈጸመ፣ በጥላ ሥር ተቀምጦም ለፍሬው የተመደበውን ምግብ የሚሻማ ስለ ሆነ ፈጥኖ ሊወገድ ይገባዋል የሚል ነው። በቢሾፍቱ ዙሪያ ለምክር በምጠራባቸው እርሻዎች ሠራተኞቹ «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ዝም ብሎ በላተኛ ነው» እያሉ ቅጠሉን ያሳዩኛል። ክርክሩ የቲማቲም ብቻ አይምሰል፤ ሕጉ በ2018 እ.ኤ.አ. ከፈቀደላቸው ወዲህ በካናዳ በአምፑል ብርሃን ካናቢስ የሚያለሙ ሰዎችም ስለ አሮጌው ቅጠል እንዲሁ ይሟገታሉ፤ ከፊሎቹ ተክሉን እስኪራቆት ያራግፉታል፤ ከፊሎቹም አንዲት ቅጠል መንካት ኃጢአት ይመስላቸዋል።

ሕገ ተፈጥሮ ግን የበላተኛነቱን ክስ አያጸናም። ቅጠል በጨቅላነቱ ስኳርን ከታላላቆቹ እየተቀበለ ያድጋል፤ ከጎለመሰ በኋላ ግን ሰጪ ይሆናል እንጂ ዳግመኛ ወደ ተቀባይነት አይመለስም፤ ስለዚህ ጥላ በርክቶበት ብርሃነ ፀሐይ ሲነፈገውና የሚሠራው ምግብ ለራሱ እስትንፋስ እንኳ አልበቃ ሲለው፣ ከጎረቤት ተበድሮ አይኖርም፤ ቀስ በቀስ ቢጫ እየሆነ ይሞታል። ከመሞቱም አስቀድሞ፣ ዕድሜ የጠገበ አረጋዊ ንብረቱን ለልጆቹ እንደሚናዘዝ ሁሉ፣ በውስጡ ካከማቸው ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስ፣ ፖታስየምና ማግኒዥየም የሚበዛውን ከላይ ላሉት ለጋ ቅጠሎችና ለፍሬዎቹ አውርሶ ያልፋል፤ ካልሲየም ግን ከተቀመጠበት አይነቃነቅም።

እንግዲያስ ስለ ምን እንነቅለዋለን? ስለ አየር ነው። በዘመነ ክረምት ደመናው ሳይገለጥ ሲሰነብትና የላስቲኩ ጣሪያ ከውስጥ በኩል ጠል ሲያንጠባጥብ፣ በግርጌ የተጨናነቀው ቅጠል እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል፤ በዚያም ቦትራይቲስ የተባለው ግራጫ ሻጋታ ይሰፍራል። ይህ ሻጋታ ወደ ግንዱ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በቁስል በኩል ነውና አነቃቀሉ ራሱ ጥንቃቄን ይሻል። ጠዋት፣ ግንዱ ውሃ ጠግቦ ሳለ፣ የቅጠሉን አገዳ ከመጋጠሚያው ላይ በአውራ ጣት ወደ ላይ ገፋ አድርገው ወዲያው ወደ ታች ቢመልሱት ቀጭ ብሎ ይለያል፤ ጠባሳውም ጠፍጣፋ ሆኖ፣ ቀኑ ብራ ከሆነ፣ ሳይመሽ ይደርቃል። በቢላዋ የሚቸኩል ሰው ግን ጉቶ ይተዋል፤ ሻጋታው በጉቶው ገብቶ ወደ ግንዱ ይዘልቃል፤ ግንዱ በዚያ ስፍራ ዙሪያውን የበሰበሰ እንደ ሆነ ከበላዩ ያለው ዘለላ ሁሉ ይጠወልጋል። የተነቀለውንም ቅጠል በር ላይ መከመር፣ በ2012 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን መግባቱ የታወቀውና በቅጠሉ ሥጋ ውስጥ ተሸሽጎ የሚኖረው ቱታ አብሶሉታ የተባለው ትል ባለበት ዘንድ፣ ጠላትን ከደጅ ማሳደር ነውና ሳይውል ሳያድር መቀበር አለበት።

ስለ መጠኑ ብዙ አልናገርም፤ ተክሉ በሳምንት 3 ያህል አዲስ ቅጠል የሚያወጣ ከሆነ ከግርጌ ከ2 እስከ 3 መንቀል ይበቃዋል፤ ከዚህ አልፎ ወደ እንጭጩ ዘለላ የሚወጣ እጅ፣ በደጋማው አገራችን ብርቱ ፀሐይ ፊት ፍሬውን አራቁቶ ቆዳው ነጥቶ እንዲቃጠል ያደርገዋል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ተክሉ ሲራብ ንጥረ ነገሮቹን የሚያወጣው ከአሮጌው ቅጠል ስለ ሆነ፣ የረኃቡ የመጀመሪያ እማኝ ይኸው ልናስወግደው የምንቸኩለው ቅጠል ነው። ገላው በሙሉ ደብዝዞ ቢጫ ከሆነ የናይትሮጅንን ጉድለት ይናገራል፤ የቅጠሉ ጅማቶች አረንጓዴ ሆነው በመካከላቸው ያለው ብቻ ከገረጣ የማግኒዥየምን፤ ዳር ዳሩ እንደ ተለበለበ ከደረቀ የፖታስየምን። የካልሲየም እጦት ብቻ ከዚህ አይነበብም፤ እርሱን በለጋው ቅጠልና በፍሬው ግርጌ ላይ በሚወጣው ጥቁር ጠባሳ እንፈልገዋለን። ሰኞ ሰኞ ግርጌውን ሁሉ አጽድቶ ወለሉን ጠርጎ የሚጠብቀኝ እርሻ ለዓይን እጅግ ያማረ ነው፤ ይሁን እንጂ ማዳበሪያው ልክ መሆኑን ሲጠይቁኝ የማነብበው ነገር አይተርፍልኝም፤ ችግሩ ወደ ላይኛው ቅጠል ወጥቶ በታየ ጊዜም የሚቀጥሉት ዘለላዎች ጉዳቱን ተካፍለውታል።

ስለዚህ በምደርስባቸው እርሻዎች በየመደቡ መካከል አንድ ረድፍ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ እኔ አይቼው እስክሄድ ድረስ ሳይነካ እንዲቆይ አዝዣለሁ፤ በክረምቱ ብርቱ እርጥበት ወቅት ብቻ ረድፉ በጥቂት ተክሎች ይወሰናል። ባለቤቶቹ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያ ረድፍ እንደሚያሳፍራቸው ይነግሩኛል። ባለፈው ጊዜ አንዲት የሥራ ኃላፊ ቀይ ክር አስራበት፣ በክሩም ላይ «ጋሼ እስኪያዩት» የሚል ካርቶን አንጠልጥላበት አገኘኋት፤ አሠራሯ ደስ ስላሰኘኝ ለሌሎቹም እርሻዎች ነግሬያቸዋለሁ።