ስለት፣ አጥንትና ልጅ፦ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከወላጆች በኩል ማንበብ



እዚሁ ባሕር ዳር ከጣና የሚወጣው ዓባይ ጎጃምን ዞሮ ይከባል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚተርከው በዚያ ክበብ ውስጥ ስላለው ኑሮ ነው። ማንኩሳን የመሰለ መንደር በደብሩ፣ በርስቱና በዘመድ አዝማዱ ታጥሮ ይኖራል፤ ከቤተሰቡ የተጣላ ሰው መጠጊያው ሩቅ ነው።

ይህን ልብ ወለድ ብዙ ጊዜ የምናነበው እንደ ባላባትና ባላገር ግጭት ነው። አነባበቡ ትክክል ቢሆንም ሙሉ አይደለም። በዛብህ መጀመሪያ የታሰረው በፊታውራሪ መሸሻ ግቢ ሳይሆን በገዛ ወላጆቹ ቤት ነውና።

እናቱ ውድነሽ በጣሙ ባሎቿ እየሞቱባት ሰው የፈራት ሴት ነበረች። ከቦጋለ መብራቱ የወለደችው ልጅ በሕፃንነቱ ሲታመም፣ ቢድን ሚስት ሳያገባ እግዚአብሔርን እንዲያገለግል ስለት ተገባ። በጣና ገዳማት አጠገብ ለምንኖር ስለት ምን እንደሆነ ማስረዳት አያሻም፤ ጃንጥላ ወይም ሻማ የተሳለ ሰው ከገዛ ገንዘቡ ይሰጣል። እዚህ ግን የተሰጠው የሌላ ሰው ዕድሜ ነው፤ ያውም ከፍቅር የተነሣ። ጭካኔ ቢሆን ኖሮ ልጁ ሊያምፅበት ይችል ነበር። ስለ ሕይወቱ የተገባን ቃል ግን በምን አንደበት ያፈርሳል?

ወደ ፊታውራሪ ቤት እንለፍ። አባት ለሰብለ ወንጌል የሚመጥን አጥንት ሲፈልጉ፣ ጠያቂውን ሁሉ ሲመልሱ የልጅቱ የጋብቻ ዕድሜ ያልፋል። ክብሯን የጠበቁላት ይመስላቸዋል። ዘመዳቸው ካሳ ዳምጤ ሥርዓቱን ስለተቸ «ጉዱ ካሳ» ተብሎ እንደ እብድ ተቆጠረ፤ ታጥሮ በሚኖር ማኅበረሰብ እውነት የሚናገር ዘመድ ከባዕድ ይልቅ ያስፈራል።

እንግዲህ በዛብህ የሰብለ መምህር ሆኖ ሲመጣ የተገናኙት፣ ሳይጠየቁ የተወሰነባቸው ሁለት ልጆች ናቸው። ከፊታውራሪ ቁጣ ወደ አዲስ አበባ መሸሽ ይቻላል፤ ከስለቱ ግን አገር በመለወጥ አይመለጥም።

በዚህ አዳራሽ ወላጆቻችሁ ያወጡላችሁን መንገድ የምትሄዱ ትኖራላችሁ። እኔም ወላጅ ነኝና ልቦለዱን ባነበብሁት ቁጥር ከፊታውራሪ ይልቅ ውድነሽ ታስፈራኛለች፤ ፊታውራሪን አልመስልም፣ እርሷን ግን ልመስል እችላለሁ።